ከገመዱ የወረደው ድርሻ

መርዶ በስልክ አይነገርም። በዚያ ዝናብ መርካቶ ድረስ ለምን እንደ ሄድሁ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶቼ ከዚህ ይጀምሩልኝ። እናታችን ያረፈችው በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ እዚሁ ቡሬ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ነው። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ መርካቶ ውስጥ በርበሬ ተራ ይነግዳል፤ እዚያ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ለቀብሯ ሊደርስ አልቻለም። ብቻውን ሱቁ ውስጥ ቆሞ በስልክ እንዲሰማ የፈረደበት ሰው ግን አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ወደ እኔ፣ ወደ ባንቺ፣ ዞሩ።

«ባንቺ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ቃል ታውቂያለሽ። ሂጂና እዚያ ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስበሽ እንደ ወጉ በማለዳ አስነግሪው። ለአርባዋም ይዘሽው ነዪ» አሉኝ።

ቃል ታውቂያለሽ ያሉኝ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አማርኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከሙያዬ የተረፈኝ ጠባይ የሰው ቃል ማረም ነው፤ ጎረቤቶቼ ሳልነግራቸውም ያውቁታል። እኔን የምታርመኝ ግን እማ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቃል ግን ምስር እንደምትለቅም አድርጋ ትለቅም ነበር። «ቅጠል ይጠወልጋል፤ ምንጭ ይነጥፋል፤ እጅ ይሰልላል፤ በሽተኛ ይመነምናል። ሁሉን ደረቀ የሚል ሰው አፉ ሰነፍ ነው» ትለኛለች። ከሁሉ የምትወደው ቃል ጠፈፈ ነበር። የታጠበ ልብስ ውኃው ተንጠባጥቦ ሲያልቅ፣ የተሰጣ በርበሬ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ሲቀረው፣ ጠፈፈ ይባላል እንጂ ደረቀ አይባልም። በመጨረሻዎቹ ወራት አንዷ ጎረቤት «እንዴት እንዲህ ደረቁ፣ እማማ!» ስትላት፣ «ጠፈፍሁ እንጂ አልደረቅሁም» ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

መጻፍ ሲገባኝ ያልጻፍሁት ሌላ ነገር አለ። በእናታችን ቤት ሳይመጣ የቀረ ሰው ድርሻ አይበላም። ለፋሲካ በቅርጫ ከሚታረደው በሬ ለእኛ ከደረሰን ላይ ሽንጡን ለአዱኛ ትለያለች። ቀጭን አድርጋ ትዘለዝለውና በጨውና በበርበሬ አሽታ፣ ጓዳ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ሲደውል «ድርሻህ ተሰቅሏል» ትለዋለች። እሱም «ለፋሲካ እመጣለሁ» ይላል፤ አንዱን ዓመት ንግዱ፣ አንዱን ዓመት የሚስቱ ሕመም፣ አንዱን ዓመት መንገዱ ይይዘዋል። ቋንጣው እዚያው ይከርማል። በሚቀጥለው ፋሲካ አዲሱ ሲሰቀል አሮጌው ይወርድና ቤተ ክርስቲያን በር ላሉት የኔ ቢጤዎች ይሰጣል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዘንድሮም እኔ የሥጋውን ጫፍ ይዤላት፣ ራሷ ዘለዘለችው።

ከለቅሶው በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ዓይኔ ቋንጣው ላይ አረፈ። ይነቅዛል፣ አይጥ ያገኘዋል ብዬ አሰብሁ። መርዶውን ከሰማ በኋላ የእጇን ጨው ይቅመስ፣ ያጽናናዋል ብዬም አሰብሁ። አንድ በአንድ አወረድሁት። አውቶቡስ ውስጥ እንዳይሸትብኝ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ ጠቀለልሁና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁት። ያየኝ ሰው ነበር፤ ተይ ያለኝ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን

ሳይነጋ ከቡሬ ተነሣን። ረዳቱ ሻንጣዬን ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። «ልብስ ብቻ ነው አይደል፣ እማማ?» አለኝ። አዎ አልሁት። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸ ነው።

ሁለተኛውን ውሸት አብሮኝ ለተቀመጠው ሰውዬ ዋሸሁ። ለአዱኛ በስልክ የተነገረው ዓይኔን ልታከም እንደምመጣ ነው፤ እኔም ከወዲሁ ልለማመደው ብዬ ለዓይኔ ሕክምና ነው የምሄድ አልሁት። «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለኝ። «ያለቅሳል» አልሁ። ሰውዬው የዓይን መድኃኒት ዐዋቂ ኖሯል፤ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ድረስ ቅጠል ሲዘረዝርልኝ ሄደ። አንዱን ቅጠል «ሲደርቅ ትወቅጭዋለሽ» ሲለኝ «ሲጠወልግ ነው ወይስ ሲደርቅ?» ብዬ ጠየቅሁት። ተበሳጭቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሐዘን ላይ ሆኜም ማረሜን አለመተዌ ይገርመኛል።

ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን። ሽሮው ቀጭን ነው፤ የእኛ ቤት ሽሮ በእንጀራ ላይ ባለበት ይቆማል፣ ይኸኛው ገበታውን ዞሮ ተመለሰ። ደጀን ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ጭጋጉ የመንገዱን ጠርዝ ሸፈነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «በዚህ ጭጋግ ዓባይን አልወርድም፤ ልጆች አሉኝ» አለ። የተቃወመም አልነበረም። እዚያው አደርን።

ያደርሁባት ቤት አራት ክፍል ያላት አልቤርጎ ናት። ባለቤቷ እትዬ ሙሉ ይባላሉ፤ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ሴት ናቸው። ነጠላዬ በስብሶ ሲያዩት ከትከሻዬ ላይ አነሡትና ምድጃው አጠገብ ዘረጉት። «እዚህ ይጥፈፍልሽ፤ እስኪነጋ ይደርቃል» አሉኝ።

ቃሏን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ያ ሁሉ ውሸቴ ተፈታ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ለማያውቁት ሰው እውነት መናገር እንዴት ይቀላል! እትዬ ሙሉ ሰምተው ሲጨርሱ ወጡና ፍራሻቸውን አምጥተው እኔ ክፍል አነጠፉ። «መርዶ የያዘ ሰው ብቻውን አይተኛም» አሉኝ። ጣሪያ ላይ ያለው ሻንጣዬ ግን ትዝም አላለኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ዓባይን ወረድን፣ ወጣን። ስለ ገደሉ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍሁት። ከቀትር በኋላ አውቶቡስ ተራ ገባን።

አውቶቡስ ተራን ላላያችሁት እንዴት ልንገራችሁ? የእኛ መናኸሪያ ላይ ከመኪና ስትወርዱ የምታውቁት ሰው ይስማችኋል። እዚያ የማታውቁት ሰው ሻንጣችሁን ይዞ ይቀድማችኋል። አንዱ ሆቴል ይለኛል፣ አንዱ ታክሲ ይለኛል፣ አንዱ እጄን ይዞ «ማዘር፣ የት ነው?» ይላል። መልስ ሳልሰጥ «ልቀቃት፣ እኅቴ ናት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አዱኛ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያላየሁት ወንድሜ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ፊቱ ተጨማዷል፣ አሳሳቁ ግን ያው ነው። አቅፎ ሲስመኝ ልብሱ የበርበሬ ሽታ ነበረው። ሻንጣዬን ከረዳቱ ተቀበለና ከፍ አድርጎ አየው።

«ባንቺ፣ ምንድን ነው ይሄ የሚንጠባጠበው?»

«ዝናብ መትቶት ነው፣ ጋሼ። ሸራቸው የተቀደደ ነበር።»

«እማ እንዴት ናት? በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ነው የምትሉኝ።»

«ደክማለች» አልሁት። ደክማለች ማለት ሐሰት አይደለም ብዬ ለራሴ ተከራከርሁ።

ቤቱ አብነት ሰፈር ነው፤ አንድ ክፍልና አንዲት ማድ ቤት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቤት ለጥጃ እንኳ ይጠብባል፤ እነርሱ ግን እንግዳ ያሳድሩበታል። ሚስቱ አስካለ መርዶውን ታውቃለች፤ ቀድመን የነገርናት እሷን ብቻ ነው። በር ላይ አቅፋኝ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ከዚያ ጮክ ብላ «እንኳን ደህና መጣሽ!» አለችና ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ማድ ቤት ገባች። ሽንኩርቱ ለአንድ ሰርግ የሚበቃ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ፈለቀ ሰላም ሊለኝ መጣ። የአገራችን ሰው ነው፤ መርካቶ ያሉትን የቡሬ ልጆች የሚሰበስባቸው እሱ ነው። ሲወጣ በር ድረስ ሸኘሁትና አንሾካሾከልኝ። «ነገ አይሆንም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፍቼ ናቸው። ከነገ ወዲያ ማለዳ ስድስት ሆነን እንመጣለን። እስከዚያ ምንም እንዳይጠረጥር። እሱ ልቡ ስስ ነው» አለኝ። እንግዲህ አንድ ቀን ብቻ ነበር መቻል የነበረብኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት አስካለ በጆሮዬ «እትዬ ባንቺ፣ ሻንጣሽ ይሸታል» አለችኝ። ስከፍተው ውኃ ገብቶበታል፤ ፌስታሉም ላቡን አፍኖ ይዞታል። ያ እንጨት የመሰለ ቋንጣ ለስልሶ ለመሻገት ተቃርቧል። የእማ ጨው ከወር በላይ ያላሻገተውን እኔ በሁለት ቀን ላበላሸው ነበር። በእነርሱ ቤት ፀሐይ የሚገባበት ቦታ የለም። አዱኛ ደግሞ «ሱቄን ሳታዪ ሐኪም ቤት አትሄጂም» ብሎ በር ላይ ቆሟል። ጥቅሉን ነጠላዬ ስር ሸሽጌ ተከተልሁት። በርበሬ ተራ ሌላው ባይኖር ማስጫ አይጠፋም ብዬ ነው።

መርካቶን የሚያህል ገበያ አላየሁም፤ ከእንግዲህም አላይም። የእኛ ገበያ ቅዳሜ ይቆማል፣ ሲመሽ ይፈርሳል፣ ሻጯ የእናታችሁን ስም ታውቃለች። እዚያ ገበያው አይፈርስም። ተሸካሚው ከራሱ በላይ ጭኖ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣል፤ ጆንያውን እንጂ ሰውዬውን አታዩትም። በመንገዳችን አንዱ ደላላ ለጓደኛው ስለ አንድ ገዢ «በደረቁ ላጩት» ሲለው ሰማሁ። አታለሉት ማለቱ ነው። ለእማ የምነግራት ቃል አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው እስከሚቀጥለው እርምጃዬ ድረስ ነው የቆየው።

በርበሬ ተራ ሲደርስ ሰው ዓይኑን ሳይሆን አፍንጫውን ነው የሚያጣው። ሰባት ጊዜ አነጠስሁ። ከየሱቁ «ይማርሽ!» አሉኝ፤ በሰባተኛው ሁሉም ሳቁ። አዱኛ አላነጠሰም፤ ዓይኑም ውኃ አላቋጠረም። «ሠላሳ ዓመት ሆነኝ እኮ፤ ዓይኔ ለምዶታል» አለኝ። ከጆንያው አንድ ዛላ አነሣና ጆሮዬ ስር ነቀነቀው፤ ፍሬው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ሌላ አነሣና ነቀነቀ፤ ድምፅ የለውም።

«ያኛው ደርቋል። ይሄኛው ጠፍፏል ብቻ። ከደረቀው ጋር ጆንያ ከገባ ሁሉንም ያሻግተዋል። እዚህ ሚዛን እንዲያነሳላቸው ብለው ውሃ የሚረጩ አሉ፤ እኔ በጆሮዬ ነው የምይዛቸው።»

«ጠፍፏል የሚለውን ከየት አመጣኸው?» አልሁት።

«ከየት አመጣዋለሁ? እማ አይደለች ያስተማረችኝ!»

ዓይኔ ሞላ። በርበሬው ነው አልሁት፤ አመነኝ።

ጥቂት ቆይቶ የጭነት መኪና ሲራገፍ ሊያይ ሄደ። ከሱቁ ጎን የምትነግደው ከድጃ ናት፤ የስልጤ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው፣ ከአዱኛ ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ነጠላዬ ስር ያለውን ጥቅል አይታ ኖሮ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እንደሱ አቅፈሽ የቆምሽው? ረጥቧል እንዴ?»

«ቋንጣ ነው፤ ከአገር ቤት። ዝናብ አገኘው።»

«ወይኔ! ፌስታል ውስጥ? ፌስታል እኮ ያሻግተዋል! አምጪው፣ እኔ ሥጋችሁን አልነካውም፤ ሸራ ላንጥፍልሽና አንቺ በእጅሽ አስጪው።»

ንጹሕ ሸራ አውጥታ ከሱቋ ፊት ፀሐይ የሚያርፍበት ላይ አነጠፈችልኝ። አንድ በአንድ አሰጣሁት። ዝንብ እንዳያርፍበት በካርቶን እፍ እፍ እያደረገች አጠገቤ ቁጭ አለች። ወንድሜ ሳይመለስ ጠፍፎ ይነሣል ብለን ነበር። መኪናው ግን የተሳሳተ ጭነት ይዞ መጥቶ ኖሮ አዱኛ ወዲያው ተመለሰ።

መጀመሪያ ሳቀ። «ከድጃ፣ ደግሞ ሥጋ መነገድ ጀመርሽ?» አለ። ቀረብ ሲል ሳቁ ቆመ። ቁጢጥ ብሎ አንዱን ዝልዝል አነሣ፤ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እማ ስትዘለዝል መጨረሻውን ትንሽ ወፈር አድርጋ ትተወዋለች፣ ገመዱ ላይ እንዳይበጠስ።

«ባንቺ፣ ይሄን ማን አወረደው?»

«ጋሼ…»

«ስንት ዓመት በሰው ላኪልኝ ብዬ ለመንኳት። ማር ልካልኛለች፤ ቅቤ ልካልኛለች፤ ጌሾ ሳይቀር ልካልኛለች። ይሄን ግን አልክም፣ መጥተህ ብላ ነው መልሷ። እማ እያለች ይሄ ከገመድ አይወርድም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽማግሌ ሳይቆም፣ ማለዳ ሳይሆን፣ በገበያ መሐል፣ መርዶውን ሸራ ላይ አስጥቼ ጠበቅሁት። ያን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ የሰማሁት ነገር ነው፤ ላኪልኝ ሲላት አልክም ስትለው፣ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነበርሁ። ቃል ታውቂያለሽ የተባልሁት እኔ።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«በዳግም ትንሣኤ ማግስት።»

«ተኝታለች ስትሉኝ…»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አልጮኸም። ራሱን አልመታም። ቋንጣውን ፀሐይ እኩል እንዲያገኘው አንድ በአንድ ይገለብጠው ጀመር፤ በርበሬ እንደሚገለብጠው። አንድ ጊዜ ገልብጦ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከድጃ «ኢና ሊላሂ» ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ተነሥታ የራሷን ሱቅ ቆርቆሮ አወረደች፣ ቀጥላ የእሱን። አጠገባችን ያሉትም አዩና የየራሳቸውን አወረዱ። በዚያ ረድፍ ሁሉ ቆርቆሮው ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጋሽ ፈለቀ ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጣ። «ምን ነካሽ? ምን ነካሽ አንቺ? ስድስት ሰው ለነገ ማለዳ ሰብስቤ!» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን

ዕድሩ አብነት፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ድንኳን ተከለ። የሚያልፍ ሰው በድንኳኑ ውስጥ እየተሽሎኮሎከ ያልፍ ነበር፤ አንዳንዱ ለማለፍ ገብቶ ለማልቀስ ይቀመጣል። የእኛ ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው፣ አልቃሹ የሟችን ሥራ እየጠራ ያስለቅሳል። እዚያ እማን የሚያውቃት አልነበረም። የበርበሬ ተራ ሰዎች የማያውቋትን ሴት ሲያለቅሱላት ማየት ከአገር ቤቱ ለቅሶ ይልቅ አንጀቴን በላው።

ከድጃ ሦስቱንም ቀን ሱቋን ዘግታ መጣች። በእነርሱ እጅ የታረደ እኛ ዘንድ እንደማይበላ ስለምታውቅ ትልቅ ድስት ምስርና ዳቦ ታመጣ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትጠፋለች፤ ማታ ተመልሳ ትመጣለች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም።

አዱኛ ግን አላለቀሰም። ሰው ሲገባ ይነሣል፤ ሰው ሲያቅፈው ይታቀፋል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። በለቅሶው በሁለተኛ ቀን ከኋላዬ አንዲት ሴት «እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነው፣ እናቱ ሞታ!» ስትል ሰማሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ዞር ብዬ አርማት ነበር። እማ ብትኖር ለእሱ ምን ቃል ትመርጥለት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ከደብተሬ ላይም ከራሴም አንድም ቃል አላገኘሁም።

በእኔ አልተቆጣም። ይህም ከፋኝ። ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ማታ ብቻ ከጎኔ ተቀምጦ፣ «እኔም እኮ አንቺን ብሆን አመጣው ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «ቋንጣውንስ የት አደረስሽው?» ሲል ጠየቀ። ክው አልሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከድጃ ሰምታን ኖሮ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ በነጭ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ይዛለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የምትጠፋው ቋንጣውን ልታገላብጥ ኖሯል። እጇ እንዳይነካው በንጹሕ እንጨት እየገለበጠች፣ ሲደመን እያስገባች፣ ከዝንብ እየጠበቀች አድርቃዋለች። ጨርቁን ሸማ ተራ ሄዳ ገዝታ አሰፍታዋለች። «ይሄ ይተነፍሳል፤ አሁን የትም ቢሄድ አይሻግትም» አለችው። አዱኛ ከረጢቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አንድም አልቀመሰም።

መመለሻችን

አስካለ ታናሽ እኅቷ ልትወልድ ስለ ተቃረበች ቀረች። እኔና አዱኛ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ነበርን። ረዳቱ ከረጢቱን ጣሪያ ላይ ልጫንልዎ ሲለው አዱኛ «ይሄ ከእኔ አይለይም» አለና ታቅፎት ተሳፈረ። ዓባይ ስንደርስ «ከእሷ ጋር ሆኜ አንድ ጊዜ አቋርጬዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ፣ ለፀበል» አለኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

መኪናው ተበላሽቶ ደጀን አደርን። እትዬ ሙሉ በር ላይ ተቀበሉን። አዱኛን አይተው ወዲያው ገቡና ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥተው ትከሻው ላይ ጣሉለት። ጠዋት የቁርሱን ሂሳብ እንኳ አልቀበልም አሉን።

ቤት የገባነው በአርባዋ ዋዜማ ነው። ጎረቤቱ ድግሱ ላይ ነበር፤ ሁሉም መጥቶ አቀፈው፣ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ሰዉ ቀለል ሲል አዱኛ ጓዳ ገባ። ገመዱ ባዶውን ተወጥሯል። ከረጢቱን ፈታና ቋንጣውን አንድ በአንድ ሰቀለው፤ ወፈር ያለውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ፣ እሷ እንደምታደርገው። ሲጨርስ ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። አጥሩን አልፎ መንገዱ ድረስ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። መቼም አልችል ብሎት ሊሄድ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ከዚያ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይጠራት በነበረው ድምፅ፣ «እማ! መጣሁ!» አለ።

ድግስ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እጃቸው ባለበት ቀረ። አዱኛ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀጥ ብሎ ጓዳ ሄዶ አንዱን ዝልዝል ከገመዱ አወረደ። ሰበረና ግማሹን ሰጠኝ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አኘክነው። ሲያኝክ ከዓይኑ የወረደው እስከ ከንፈሩ ደረሰ።

«ጨው በዝቶበታል» አለኝ።

አልበዛበትም ነበር።